በሶብላው ውሃ ውስጥ በሰበሰ፣ ጠጅ ሳሩ ሥር አላወጣ አለ፦ ስህተቱ የቱ ጋ ነው?

ጤዛ (ጠያቂ)

ሰላም፣ የቤቱ ሰዎች። የሞቃት አካባቢ ቅመማ ተክሎችን ከቀንበጥ በውሃ ለማባዛት ሞክሬ ገሚሱ ሲሆን ገሚሱ እምቢ ብሏል። ሁኔታውን እንዳለ አስቀምጣለሁ፣ የተሳሳተውን ጠቁሙኝ።

በሶብላ፦ 6 ቀንበጥ፣ ወደ 20 ሴ.ሜ. የሚረዝሙ፣ ሁሉም በአንድ ብርጭቆ። ውሃው የግንዱን ግማሽ ይሸፍናል። በ4ኛው ቀን ግንዱ ከታች ጠቁሮ ለሰለሰ፤ ውሃው ደፈረሰ፣ ሸተተም። ሁለቱ ጫፋቸው ላይ አበባ ጀምረው ነበር።

ጠጅ ሳር፦ 4 አገዳ፣ 3 ሳምንት ሙሉ ውሃ ውስጥ። መሃሉ ትንሽ ቅጠል ገፍቷል፣ ሥር ግን የለም።

የኩባ ኦሬጋኖ (ያ ወፍራምና ጸጉራም ቅጠል ያለው)፦ 5 ሴ.ሜ. ያህል ውሃ ውስጥ ገብቶ በሳምንቱ ግንዱ ላመ።

ናና፦ በ6ኛው ቀን ሥር አወጣ። ሥሩ 15 ሴ.ሜ. ሲደርስ ወደ አፈር ተዛወረ፤ በ2 ቀን ውስጥ ጠውልጎ ወደቀ።

የድንብላል ቅጠል፦ ቢጫ ሆኖ አለቀ።

ብርጭቆዎቹ ከቀትር በኋላ ፀሐይ የሚመታው መስኮት ላይ ናቸው። የቧንቧ ውሃ ነው፣ በሳምንት አንዴ ይቀየራል። «ሥር ያፋጥናል» ስለተባለ ትንሽ ማር ተጨምሮበታል። ዝንጅብልና እርድስ በውሃ ይሆናሉ?


አንጓ

በሶብላውን እኔ ልያዘው፣ የቀረውን ሌሎች ይሙሉበት።

የገደለው ውሃ አይደለም፣ አየር ማጣት ነው። የተቆረጠ ግንድ ሥር እስኪያወጣም ቢሆን ይተነፍሳል፤ ውሃ ውስጥ ያለው ክፍሉ ኦክስጅን የሚያገኘው ውሃው ውስጥ ከሟሟው ነው። ውሃ ሲሞቅ ደግሞ የሚይዘው ኦክስጅን ይቀንሳል፦ ንጹህ ውሃ በ20 ዲግሪ ሴልሺየስ በሊትር 9 ሚሊ ግራም ያህል ይይዛል፣ በ30 ዲግሪ ግን ወደ 7.5 ይወርዳል። በዚያው ሙቀት ግንዱም ባክቴሪያውም የበለጠ ይተነፍሳሉ። እንግዲህ ያስቡት፦ ፀሐይ ያሞቀው ብርጭቆ፣ 6 ግንድ፣ ውሃ ውስጥ የገባ ቅጠል፣ ሳምንት የቆየ ውሃ፣ በዚያ ላይ ማር። ማር ለባክቴሪያ ቀለብ ነው፤ ስኳርም እንደዚያው። ቀንበጡ ሥር ለመሥራት የሚያስፈልገውን ስኳር ቅጠሉ ራሱ በብርሃን ያዘጋጃል።

አቆራረጡ ላይ፦

ቀንበጡ ከ10 እስከ 15 ሴ.ሜ. ይበቃዋል። 20 ሴ.ሜ. ብዙ ቅጠል ይዞ ይመጣል፣ ሥር የሌለው ግንድ ያን ሁሉ ቅጠል ማጠጣት አይችልም። አበባ ወይም እምቡጥ የጀመረውን አይውሰዱ፤ ጉልበቱ ወደ ዘር ስለዞረ ሥር ለማውጣት ይዘገያል፣ አንዳንዴም ጭራሽ አያወጣም። እናት ተክሉ በሙሉ አብቦ ከሆነ ጫፎቹን ከአበባው በታች ሁለት አንጓ ዝቅ ብለው ይቁረጡና ከ10 ቀን እስከ 2 ሳምንት ይታገሱ። ከጎን የሚፈነዱት አዳዲስ ቀንበጦች ለዚህ ሥራ ተመራጭ ናቸው።

ቁርጡ ከአንጓ በታች ግማሽ ሴንቲ ሜትር ላይ ይረፍ። አንጓ ማለት ጥንድ ቅጠሉ ከግንዱ የሚወጣበት እብጠት ነው። ጫፉ ላይ ያለው ለጋ ክፍል የሚሠራው ኦክሲን የሚባል የዕድገት ሆርሞን ወደ ታች ይወርድና ቁርጡ ጋ ሲደርስ መሄጃ አጥቶ ይጠራቀማል፤ ሥር የሚነሳውም እዚያው አካባቢ ነው። ቀንበጥ ተገልብጦ ሲቀመጥ የማይሆነውም በዚሁ ምክንያት ነው። ከአንጓው በታች 3 ወይም 4 ሴ.ሜ. ባዶ ጭራ ከተተወ ደግሞ መጀመሪያ የሚበሰብሰው ያ ጭራ ነው፤ መበስበሱ ከዚያ ተነስቶ ወደ ላይ ይወጣል።

ምላጭ ወይም ስለታም መቀስ በ70 በመቶ አልኮል ጠርገው ይጠቀሙ። የደነዘዘ መቀስ ግንዱን ይጨፈልቀዋል፣ የተጨፈለቀ ግንድ ውሃ አይስብም። ሰያፍ ይቆረጥ ወይስ ቀጥ ብሎ የሚለው ክርክር ብዙ ለውጥ የለውም፤ ስለቱ ነው ዋናው። እንደተቆረጠ ወዲያው ውሃ ውስጥ ይግባ።

ከላይ ሁለት ወይም ሦስት ጥንድ ቅጠል ብቻ ይተዉ። ትልልቅ ከሆኑ እያንዳንዱን ቅጠል በአግድም ለሁለት ቆርጦ ግማሹን ማስቀረት ይቻላል፤ ያስቀይማል እንጂ አይጎዳም። ውሃው ከ3 እስከ 4 ሴ.ሜ. ይሁን፦ አንድ ወይም ሁለት አንጓ የሚሸፍን፣ ቅጠል ግን የማይነካ። 200 ሚ.ሊ. የሚይዝ ጠባብ አፍ ያለው ጠርሙስ ቀንበጡን ቀጥ አድርጎ ያቆማል። በአንድ ጠርሙስ አንድ፣ ቢበዛ ሁለት፤ አንዱ ሲበሰብስ ሁሉንም ይዞ እንዳይሄድ ነው።

ውሃው በየ2 ቀኑ ሙሉ በሙሉ ይለወጥ፤ ክፍሉ ከ27 ዲግሪ በላይ ከሆነ በየቀኑ። ሲለወጥ ግንዱን ከሥር በጣት ቀስ ብለው ያጥቡት፣ የሚያዳልጥ ነገር ካለ ይለቅ። የክፍሉ ሙቀት ከ21 እስከ 26 ዲግሪ ቢሆን ይመረጣል። ብርሃን ብዙ፣ ቀጥታ ፀሐይ ግን አይሁን፦ ከመስኮቱ አንድ ሜትር ወደ ውስጥ፣ ወይም ስስ መጋረጃ ጀርባ። ቅዝቃዜም ጠላቱ ነው። በሶብላ ከ10 ዲግሪ በታች ቅጠሉ ይጠቁራል፤ ፍሪጅ ውስጥ ያደረ እስር ለቀንበጥ የማይሆነው ለዚህ ነው።

ጊዜውን በተመለከተ፣ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ትንሽ መጠውለግ ያለ ነው። ከ3ኛው ቀን በኋላም ካልተነሳ ቅጠል ይቀንሱ። ከ5ኛው እስከ 7ኛው ቀን ግንዱ ላይ ነጫጭ ነጠብጣብ እብጠት ይታያል፣ ከ7 እስከ 14 ቀን ውስጥ ሥር ይወጣል። ከታች መጥቆር ከጀመረ ከጥቁሩ 2 ሴ.ሜ. በላይ፣ ንጹህ አረንጓዴ ግንድ እስኪገኝ ይቁረጡና ቅጠሉን ቀንሰው በታጠበ ጠርሙስ ከአዲስ ይጀምሩ። ጠርሙሱ በረኪና 1 እጅ፣ ውሃ 9 እጅ ተደርጎ ለ10 ደቂቃ ይቆይና በደንብ ይለቅለቅ።


ጓሮ

ጠጅ ሳሩ ሥር ያላወጣው ሥር የሚያወጣበት አካል ስለሌለው ነው። ጠጅ ሳር የሣር ዘር ነው፣ እንደ በሶብላ ግንዱ ላይ የተራራቀ አንጓ የለውም። አገዳ የሚመስለው ነገር አብዛኛው ተጠቅልሎ የተደራረበ የቅጠል እግር ነው፤ እውነተኛው ግንድ ከታች ያለው ጠንካራ፣ አጭር፣ ጠፍጣፋ እግር ብቻ ነው። አንጓዎቹ እዚያ ላይ ተጠጋግተው ተቀምጠዋል፣ ሥርም ሆነ አዲስ ቡቃያ የሚነሳው ከዚያ ነው። ለማብሰያ የተዘጋጀ አገዳ ብዙ ጊዜ ይህ እግር ተቆርጦለት ነው የሚመጣው። መሃሉ ቅጠል መግፋቱ አያታልልዎት፤ ለጋ ቅጠል ከእግሩ በኩል ትንሽ ይረዝማል እንጂ ተክሉ ጸድቋል ማለት አይደለም።

ሲመርጡ ግልብጥ አድርገው ታችኛውን ይዩት። ቀለበት ቀለበት ያለበት፣ ጠንካራና ቀላ ወይም ነጣ ያለ ክብ ካለ ይሆናል። ቁርጡ ላይ እንደ ሽንኩርት የተደራረበ ቀለበት ብቻ፣ መሃሉም ለስላሳ ከሆነ እግሩ ሄዷልና አይድከሙበት።

እግር ያለውን ሲያገኙ የደረቀውንና የለሰለሰውን የውጭ ሽፋን ልጠው ያውጡ። ከሥሩ የተደበቁ ጥቃቅን የሥር ነጥቦች ይታያሉ፣ ሽፋኑ ከቀረ ግን እዚያው ይበሰብስባቸዋል። ቅጠሉን ከላይ ቆርጠው ጠቅላላ ርዝመቱን ከ15 እስከ 20 ሴ.ሜ. ያድርጉት። ውሃው ከታች 3 ሴ.ሜ. ብቻ፣ በ2 ቀን አንዴ ይቀየር። ከ1 እስከ 3 ሳምንት ይወስዳል። ጠጅ ሳር ከበሶብላ የበለጠ ብርሃን ይወዳል፣ የጠዋት ፀሐይ አይጎዳውም። ሥሩ 5 ሴ.ሜ. ሲደርስ ይተከል፤ እግሩ ከአፈሩ 2 ወይም 3 ሴ.ሜ. ይግባ እንጂ መሃሉ አይቀበር፣ አፈርና ውሃ መሃሉ ላይ ሲቋጠር ይበሰብሳል። ቁጥቋጦው ስለሚሰፋ ማሰሮው ቢያንስ 25 ሴ.ሜ. ስፋት ይኑረው።

ድንብላል በዚህ መንገድ አይሆንም። ግንድ የሚመስለው የቅጠሉ እጀታ ነው፣ አንጓ የለበትም። በዘር ይጀምሩት፤ እያንዳንዷ ክብ ፍሬ ውስጥ ሁለት ዘር አለ፣ በመዳፍ ጨቆን አድርጎ ለሁለት መክፈል ይቻላል። ተመሳሳይ ጣዕም በውሃ ቀንበጥ የሚፈልግ ሰው የቬትናም ድንብላል ይሞክር። የዘር ዝምድና የላቸውም፣ ጠረኑ ግን ይቀራረባል፤ በእያንዳንዱ አንጓው በሳምንት ውስጥ ሥር ያወጣል። ረግረግ የሚወድ ተክል ስለሆነ እንደ በሶብላ አይሰቃይም። ለጀማሪ ከናና ቀጥሎ እሱን ነው የምመክረው።

ዝንጅብልና እርድ ውሃ ውስጥ አይቀመጡ። የምንጠቀምበት ክፍል ሥር ሳይሆን ምግብ ያጠራቀመ የከርሰ ምድር ግንድ ነው፤ ውሃ ውስጥ ሲሰምጥ ያ ሁሉ ስታርች ይበሰብሳል። ከ4 እስከ 5 ሴ.ሜ. የሆነ፣ ሁለት ወይም ሦስት ያበጠ ዓይን ያለው ቁራጭ ይውሰዱ፣ ቁስሉ እንዲደርቅ አንድ ወይም ሁለት ቀን ጥላ ላይ ያሳድሩት፣ ከዚያ ዓይኑ ወደ ላይ ሆኖ እርጥብ (የማይንጠባጠብ) አሸዋ ወይም የኮኮናት ብናኝ ውስጥ 3 ሴ.ሜ. ይቅበሩት። ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ሙቀት ይፈልጋል፣ ከ3 እስከ 6 ሳምንት ትዕግሥትም።


ጤዛ (ጠያቂ)

አመሰግናለሁ፣ ጠጅ ሳሩን ገልብጬ አየሁት፣ እንደ ሽንኩርት ቀለበት ብቻ ነው። ሁለት ነገር ልጨምር። ከናናው በተረፈ አንድ ግንድ ላይ ነጭ እብጠት አለ፣ በሌላው ደግሞ ነጭ የጥጥ ዓይነት ነገር ተጣብቋል። ሁለቱ አንድ ናቸው? ውሃውን ሌሊት አሳድሮ መጠቀምስ ግዴታ ነው?


መስኖ

አንድ አይደሉም። እብጠቱ ከግንዱ ውስጥ የሚገፋ፣ ጠንካራና ተራርቆ የተሰለፈ ከሆነ የሥር ጅማሬ ነው፤ አይንኩት፣ አይላጡት። የጥጥ ዓይነቱ ሻጋታ ነው፣ በጣት ሲነካ ይለቃል፣ ብዙ ጊዜም የሞተ ቅጠል ወይም የተጨፈለቀ ግንድ ላይ ነው የሚጀምረው። የተያዘውን ክፍል ቆርጠው ይጣሉ፣ ጠርሙሱን ይጠቡ። የወጣው ሥር ነጭ ወይም ክሬም መልክ ካለው ደህና ነው፤ ቡናማ፣ ልጋጋምና የሚሸት ከሆነ፣ ሲጎተትም ላዩ ተገፎ ቀጭን ክር ብቻ ከቀረ የሥር በሽታ ይዞታል። እሱን ለማዳን ከመድከም ከላይ ንጹህ ጫፍ ወስዶ እንደገና መጀመር ይሻላል።

ውሃ ማሳደሩ ግዴታ አይደለም። በቧንቧ ውሃ ያለው የተለመደ ክሎሪን ሥር የሌለውን ግንድ ይጎዳል ብዬ አልጨነቅም፤ እንዲያውም ባክቴሪያን ትንሽ ይገታል። ክሎሪን ክፍት ዕቃ ውስጥ በ24 ሰዓት በአብዛኛው ይበናል፣ ክሎራሚን (ክሎሪንና አሞኒያ የተዋሃዱበት ማጽጃ) የሚጨመርበት ውሃ ግን ቢያድርም አይለቅም። የማሳደር እውነተኛ ጥቅሙ ውሃው የክፍሉን ሙቀት መያዙ ነው፤ በሶብላ ድንገት ቀዝቃዛ ውሃ አይወድም። መራቅ ያለብዎት በጨው ማለስለሻ መሣሪያ ካለፈ ውሃ ነው፣ ሶዲየሙ ይጎዳል።

አንጓ ያልጠቀሰው አንድ ነገር አለ፦ ጠርሙሱን በአሉሚኒየም ፎይል ወይም በወፍራም ወረቀት ይጠቅልሉ። ብርሃን ያገኘ ውሃ አልጌ ያበቅላል፣ አልጌው ማታ ማታ ከግንዱ ጋር ኦክስጅን ይሻማል። ለማየት እንዲመች ፎይሉን እንደ እጅጌ ላላ አድርጎ መጠቅለል ነው፣ ወደ ላይ ሳብ ተደርጎ ይታያል።

ሥር ማፍጠኛ የሚባለውን ዱቄትም ይተዉት። ዱቄቱ ለአፈርና ለአሸዋ ነው የተሠራው፣ ውሃ ውስጥ ይታጠባል፤ ብዙዎቹ ደግሞ ለሚበላ ተክል አልተፈቀዱም። በሶብላና ናና ያለሱም ሥር ለማውጣት አይቸገሩም።


ሰገነት

የኩባ ኦሬጋኖው እስካሁን ስላልተነካ። ግንዱና ቅጠሉ ውሃ የሚያከማች ሥጋም ተክል ነው፣ ስለዚህ ችግሩ ውሃ ማጣት ሳይሆን ውሃ መብዛት ነው። ከ8 እስከ 10 ሴ.ሜ. ቀንበጥ ቆርጠው ቁርጡ እስኪደርቅ ግማሽ ቀን ጥላ ላይ ይተዉት። (ይህ ከበሶብላ ጋር ተቃራኒ ነው፣ እንዳይምታታ፤ በሶብላ ግማሽ ቀን ቢቀመጥ አለቀለት።) ከዚያ 1.5 ሴ.ሜ. ውሃ፣ አንድ አንጓ ብቻ። 5 ሴ.ሜ. በጣም ብዙ ነበር። እውነቱን ለመናገር ይህ ተክል ውሃ አያስፈልገውም፤ ትንሽ እርጥበት ያለው አሸዋ ውስጥ፣ ማለትም ጨብጠው ሲለቁት የማይንጠባጠብ አሸዋ ውስጥ፣ ቢሰካ በሁለት ሳምንት ይጸድቃል፣ የማዛወሩ ጣጣም ይቀራል። ጸጉራም ቅጠሉ ላይ ውሃ አይርጩ።

ሮዝመሪና ጦስኝ የጠየቀ ባይኖርም ብዙ ሰው ከእነዚህ ጋር ስለሚደባልቃቸው፦ የሞቃትና እርጥብ አካባቢ ተክሎች አይደሉም፣ ግንዳቸውም እንጨታማ ነው። የለጋ አረንጓዴ ጫፍ ተወስዶ በውሃ ከ4 እስከ 8 ሳምንት ይፈጃሉ፣ ብዙውም ይበሰብሳል። አሸዋ ይሻላቸዋል።

ፓንዳን (ረጃጅም መዓዛማ ቅጠሉ ለምግብ የሚውል ተክል) ያላችሁ ደግሞ ቅጠሉን ብቻ ውሃ ውስጥ አታቁሙ፣ ለጊዜው አረንጓዴ ሆኖ ይቆይ እንደሆነ እንጂ ተክል አይሆንም። ከእናቱ ጎን የወጣውን ልጅ ከነእግሩ ገንጥላችሁ አስቀምጡ።


ችግኝ ቤት

የናናው ሞት ለኔ የዚህ ጥያቄ ዋናው ክፍል ነው፤ ሥር ማስወጣቱን ሁሉም ይችለዋል፣ ብዙው ተክል የሚሞተው በማዛወሩ ላይ ነው።

ውሃ ውስጥ ያደገ ሥር አፈር ውስጥ ካደገው ይለያል። ውሃው ራሱ ስለሚመጣለት ውሃ የሚስቡት ጥቃቅን የሥር ጸጉሮች ጥቂት ናቸው፤ ውስጡ አየር የሚያመላልስ ባዶ ቦታ የበዛበት፣ በቀላሉ የሚሰበር ነው። አፈር ውስጥ ሲገባ ያ ሥር በአብዛኛው አዲስ የጎን ሥር እስኪያበቅል ድረስ ብቻ ነው የሚያገለግለው። ስለዚህ የረዘመ ሥር ማለት የተሻለ ጅምር ማለት አይደለም። 15 ሴ.ሜ. ሥር ሲተከል ይጣመማል፣ ይሰበራል፣ የተሰበረው ይበሰብሳል። ለበሶብላና ለናና የማዛወሪያው ጊዜ ሥሩ ከ3 እስከ 5 ሴ.ሜ. ሲሆንና ከዋናው ሥር ጥቃቅን የጎን ሥሮች መውጣት ሲጀምሩ ነው። በተለምዶ ከ2 እስከ 3 ሳምንት ውስጥ ይደርሳል።

ከ8 እስከ 10 ሴ.ሜ. ስፋት ያለው፣ ከታች ቀዳዳ ያለው ማሰሮ ይበቃል። ትልቅ ማሰሮ አይምረጡ፤ ትንሽ ሥር ትልቅ እርጥብ አፈር መጠጣት ስለማይችል አፈሩ እንደረጠበ ይቆይና ሥሩን ያፍናል። የተነፋ ብስባሽ ወይም የኮኮናት ብናኝ 2 እጅ፣ ሻካራ አሸዋ ወይም ፐርላይት (አፈር የሚያላላ ቀላል ነጭ ጠጠር) 1 እጅ። ከባድ የጓሮ አፈር ብቻውን አይሆንም። አፈሩን ከመትከልዎ በፊት ያርጥቡት። ጉድጓዱን በጣት ሳይሆን በእርሳስ ወይም በእንጨት ሰፋ አድርገው ይክፈቱ፣ ሥሩን ዘርግተው ያስገቡ፣ አፈሩን በዙሪያው ያፍስሱ። በጣት አይጫኑት። ቀስ ብሎ የሚፈስ ውሃ አፈሩን ወደ ሥሩ ያስጠጋዋል።

ከዚያ በኋላ ያለው ሳምንት ወሳኙ ነው። ቅጠሉ ከሥሩ አቅም በላይ ውሃ እንዳያተን፣ ግልጽ ፌስታል በሁለት እንጨት ደግፈው ቅጠሉን ሳይነካ ያልብሱት፣ ጥላ ግን ብርሃን ያለው ቦታ ያድርጉት። ቀጥታ ፀሐይ ላይ ከሆነ ፌስታሉ ውስጥ ይቀቀላል። 3 ቀን እንደተዘጋ፣ ከዚያ በየቀኑ ጥቂት ሰዓት እየጨመሩ መክፈት፣ በ7ኛው ወይም በ10ኛው ቀን ማንሳት። በዚህ ጊዜ አፈሩ ሁልጊዜ እርጥብ ይሁን፣ ውሃ ግን ከሥሩ አይቋጠር። ቀስ በቀስ ወደ ተለመደው አጠጣጥ ይመለሱ፤ ላዩ 1 ሴ.ሜ. ሲደርቅ ማጠጣት። ማዳበሪያ እስከ ሁለተኛው ወይም ሦስተኛው ሳምንት አያስፈልግም፣ ለጋ ሥርን ያቃጥላል።

ጠውልጎ አፈሩ ደረቅ ከሆነ ውሃ ነው። ጠውልጎ አፈሩ ጭቃ ከሆነ ሥሩ ታፍኗል፣ ውሃ መጨመር ይጨርሰዋል። ሁለቱ ከላይ ሲታዩ አንድ ስለሚመስሉ ጣት ሳያስገቡ አይወስኑ።

«ጠርሙሱ ውስጥ ውሃው ላይ በየቀኑ ትንሽ አፈር ጨምሩበት፣ ይለምዳል» የሚባል ምክር አለ። እኔ አልቀበለውም። መውጫ በሌለው ጠርሙስ ውስጥ የሚገኘው አፈር ሳይሆን አየር የሌለው ጭቃ ነው።


አንጓ

በችግኝ ቤት አስተያየት አንድ ነገር ላይ ብቻ አልስማማም። የረዘመ ሥር ያለው ናና የጠፋ አይደለም። ሥሩን በንጹህ መቀስ ወደ 5 ሴ.ሜ. ቆርጦ፣ ከላይም ሲሶውን ቀንሶ መትከል ይቻላል፤ ናና እንዲህ ያለውን ይችላል። በሶብላ ላይ ግን አልሞክረውም።

ሌላው፣ ቀንበጥ ከታመመ ተክል ከተወሰደ በሽታውም አብሮ ይባዛል። በሶብላ ላይ ፉዛሪየም የሚባለው ፈንገስ ግንዱ ውስጥ ስለሚኖር ማጠብ አያስወግደውም። ምልክቱ ተክሉ በአንድ ጎን ብቻ መጠውለጉና ግንዱ ላይ ቡናማ መስመር መታየቱ ነው። ከዚያ ተክል ምንም አይውሰዱ፤ በዘር ይጀምሩ።


ጤዛ (ጠያቂ)

ይህ ሁሉ ግልጽ ነው። የመጨረሻ ጥያቄ፦ አፈሩን ትቼ እዚያው ውሃ ውስጥ ለዘለቄታው ማቆየት አይቻልም? ናናው እንኳ ይችላል ብዬ ነው።


መስኖ

ይቻላል፣ ግን ከዚያ በኋላ ሥራው ቀንበጥ ማባዛት ሳይሆን ያለ አፈር ማምረት ነው፣ ስለዚህ ምግብ ይፈልጋል። በባዶ ውሃ ለጥቂት ሳምንታት በራሱ ስንቅ ይቆያል፣ ከዚያ የታችኛው ቅጠል ቢጫ ይሆናል፤ ናይትሮጅን ሲያጥር ተክሉ ከአሮጌው ቅጠል አውጥቶ ለአዲሱ ያውለዋል። አዲሱ ቅጠል ነጥቶ ደም ሥሩ ብቻ አረንጓዴ ከሆነ ግን የብረት እጥረት ነው፤ ብዙ ጊዜም ብረቱ ጠፍቶ ሳይሆን የውሃው ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ፤ ሲጨምር አሲድነቱ ይቀንሳል) ስለጨመረ መጠጣት አቅቶት ነው።

ብርሃን የማያሳልፍ 1 ሊትር የሚሆን ዕቃ፣ ክዳኑ ላይ ግንዱን የሚያሳልፍ ቀዳዳ፣ ዙሪያው በስፖንጅ የተደገፈ። ማዳበሪያው ያለ አፈር ለማምረት ተብሎ የተዘጋጀ፣ ካልሲየም፣ ማግኒዥየምና ብረት ያለበት ይሁን። የአፈር ማዳበሪያ፣ በተለይ ናይትሮጅኑ በዩሪያ መልክ የሆነው፣ እዚህ አያገለግልም፤ ዩሪያን ወደሚጠጣ መልክ የሚለውጡት የአፈር ባክቴሪያዎች ውሃው ውስጥ እንደ አፈሩ አይገኙም። ሥሩ 3 ሴ.ሜ. ሲሆን በተጻፈው መጠን ሩብ ይጀምሩ፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ግማሽ ያድርሱት። መለኪያ ላለው ኢሲ (ውሃው ውስጥ የሟሟውን ማዳበሪያ መጠን የሚያሳይ ልኬት፣ በሚሊሲመንስ በሴ.ሜ.) ከ1.0 እስከ 1.6፣ ፒኤች ከ5.5 እስከ 6.5 ለበሶብላ ይስማማል። ውሃው በየ2 ወይም 3 ሳምንቱ ሙሉ በሙሉ ይለወጥ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ውሃ መሙላቱ ላይ ነው። በሃዋይ ዩኒቨርሲቲ በርናርድ ክራትኪ ያስተዋወቁት ያለ ፓምፕ የማምረት ዘዴ የቆመው በዚህ ላይ ነው፦ ተክሉ ውሃውን ሲጠጣ ከላይ ባዶ ቦታ ይፈጠራል፣ እዚያ የቀረው የሥር ክፍል አየር መሳብ ይለምዳል፣ የታችኛው ውሃና ምግብ ይወስዳል። ዕቃውን እንደገና እስከ አፉ ከሞሉት አየር የለመደው ሥር ይሰምጥና ይሞታል። ሲጨምሩ ከሥሩ የታችኛውን ግማሽ ብቻ የሚሸፍን ይሁን።

ናናና የቬትናም ድንብላል በዚህ ይመቻቸዋል። በሶብላ ከጥቂት ወራት በኋላ ግንዱ እየጠነከረ ማበብ ይፈልጋል፤ ከዚያ በፊት ለጋ ጫፍ እየወሰዱ በአዲስ መተካት ነው። ጠጅ ሳር ለዚህ አይሆንም፣ ሥሩ ዕቃውን ቶሎ ይሞላዋል።


ሰገነት

አንድ የተረሳ ነገር፦ ቢምቢ። ሞቃት አካባቢ ላይ ያለ ሰው ክፍት ጠርሙስ ለሳምንት ከተወ ትንኝ ያረባል፤ ከእንቁላል እስከ መብረር በሙቀት ከ7 እስከ 10 ቀን ይበቃታል። የዴንጊ ትኩሳት የሚያስተላልፈው ኤዲስ ኤጂፕታይ የአበባ ማስቀመጫ ውሃ ውስጥ መራባት ይወዳል። እንቁላሉን የሚጥለው ከውሃው ጠርዝ በላይ ዕቃው ግድግዳ ላይ ነው፣ ቢደርቅም ለወራት አይሞትም። ስለዚህ ውሃውን ደፍቶ መሙላት ብቻ በቂ አይደለም፣ የውስጡን ግድግዳ በብሩሽ መፈተግ ያስፈልጋል። በጠርሙሱ አፍና በግንዱ መሃል ያለውን ክፍተት በጥጥ ላላ አድርጎ መድፈን ትንኟን ያግዳል፣ አየር ግን ያስገባል፤ ጥጡ ውሃውን እንዳይነካ ብቻ ይጠንቀቁ።

መስኖ በጠቀሰው ባለ ክዳን ዕቃም ቢሆን በስፖንጁ ዙሪያ ቀዳዳ እንዳይተው። እሱ ውሃ በየ3 ሳምንቱ ስለሆነ የሚለወጠው፣ ቢምቢዋ ቀድማ ትወጣለች።